ከመቀስ ወደ ፊደል

ፊልም አይተን ስንወጣ ስላየነው ነገር እንከራከራለን። ስላላየነው ግን የሚከራከር የለም፤ በምን አውቆት ይከራከራል? ፊልም ሲቆረጥ ደም አይፈስም። ምስሉ ትንሽ ዘለል ይላል፣ ሙዚቃው ይሰበራል፣ ከኋላ ወንበር ያለው ያፏጫል፣ ከዚያ ታሪኩ ይቀጥላል። ተመልካቹም አንድ ነገር እንደጎደለበት ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናወራ የተነሣነው ስለዚያች ዝላይ ነው። ማን ነው የሚያዘልላት? በማንስ ስም? ኋላ መቀሱ ተቀምጦ በምትኩ በፊልሙ ግንባር ላይ ፊደል መለጠፍ ሲጀመር ደግሞ ኃላፊነቱ በማን ትከሻ ላይ ወደቀ?

ታሪኩ የአሜሪካ ነው። «ምነው፣ አገር ጠፍቶ ነው?» የሚለን ጓደኛ እንደሚኖር እናውቃለን። አሜሪካን ያነሣነው ሳንሱሩ እዚያ ስለከፋ አይደለም፤ በመዝገብ ስለተጻፈ ነው። በብዙ አገር ሳንሱር ሥራውን የሚሠራው በስልክና በሹክሹክታ ነው፤ ለታሪክ ጸሐፊ የሚተርፍ ወረቀት የለም። እዚያ ግን ከልካዩም ተከልካዩም ፍርድ ቤት እየሄዱ ስለተካሰሱ፣ ማን ምን ብሎ እንዳገደ ቁጭ ብሎ ማንበብ ይቻላል። (ዓመተ ምሕረቶቹ የፈረንጅ ናቸው፤ የራሳችንን ስንጠቅስ «ዓ.ም.» እንላለን።)

ሲኒማ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በአሜሪካ ከተሞች የድኻ መዝናኛ ሆኖ ነው የተስፋፋው። መግቢያው አምስት ሳንቲም ነበር። ከፋብሪካ የወጣ ሠራተኛ፣ እንግሊዝኛ ገና ያልለመደ ስደተኛ፣ ከእናቷ ተደብቃ የመጣች ልጅ፣ ሁሉም በአንድ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተፋፍገው ይቀመጣሉ። ለባለሥልጣኑና ለሰባኪው ያልተመቸው ከፊልሙ ይልቅ ጨለማው ሳይሆን አይቀርም። (እኛም ዘንድ የአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ተብሎ መጠራቱን ስናስታውስ፣ ስሜቱ የአንድ አገር ብቻ እንዳልነበረ ይገባናል።) በ1907 የቺካጎ ከተማ ማንኛውም ፊልም ከመታየቱ በፊት ከፖሊስ አዛዡ ፈቃድ እንዲያገኝ ደነገገች። ልብ በሉ፣ ከፖሊስ! በ1908 በፈረንጆች ገና ዋዜማ ደግሞ የኒው ዮርክ ከንቲባ ጆርጅ ማክሌላን በከተማዋ የነበሩትን ከ500 በላይ ሲኒማ ቤቶች ፈቃድ በአንድ ቀን ሰረዙ። ከዚያ ፔንሲልቬኒያ በ1911፣ ኦሃዮ በ1913 የግዛት ሳንሱር ሕግ አወጡ፤ ሌሎችም ተከተሉ።

ሙቹዋል የሚባል የፊልም አከፋፋይ ኩባንያ የኦሃዮን ሕግ ተቃውሞ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። ክርክሩ ቀላል ነበር፤ ጋዜጣ ከመታተሙ በፊት አይመረመርም፣ ፊልምም ሐሳብ መግለጫ ነው፣ ታዲያ ስለምን ይመረመራል? ፍርድ ቤቱ በፌብሩዋሪ 1915 በሙሉ ድምፅ የሰጠው መልስ፣ ፊልም ማሳየት ለትርፍ የሚሠራ ንግድ ነው እንጂ የሐሳብ መግለጫ አይደለም የሚል ሆነ። ዳኞቹ ሌላም ነገር ጨመሩ፤ ፊልም ማራኪ ስለሆነ ለክፉ ሊውል ይችላል አሉ። እንግዲህ ሁለቱን ነገር ጎን ለጎን ስናስቀምጠው እርስ በርሱ ይጣላል። ተራ ሸቀጥ ከሆነ የሚያስፈራ ነገር ከየት መጣበት? የሚያስፈራ ሐሳብ ካለበትስ እንዴት ሸቀጥ ብቻ ሆነ? ያም ሆነ ይህ ፍርዱ 37 ዓመት ጸንቶ ኖረ።

በዚያው በፌብሩዋሪ 1915 በሎስ አንጀለስ አንድ ፊልም ለሕዝብ ቀረበ። ዲ. ደብልዩ. ግሪፊዝ የሠራው «የአንድ ብሔር ልደት» ነው። በፊልም አሠራሩ ያኔ አቻ አልነበረውም ይባላል። በመልእክቱ ግን ከባርነት የወጣውን ጥቁር ሕዝብ እንደ አውሬ፣ ኩ ክለክስ ክላን የተባለውን ጭምብል ለባሽ የገዳዮች ቡድን ደግሞ እንደ አዳኝ መልአክ የሚያሳይ ነው። በዋይት ሐውስ ለፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ታየ። በኖቬምበር፣ ሞቶ ተቀብሮ የነበረው ክላን በጆርጂያ ግዛት በስቶን ማውንቴን ተራራ ላይ እንደገና ተቋቋመ፤ ፊልሙንም ለብዙ ዓመታት አባላት መመልመያ አደረገው። «ኧረ ፊልም ጨዋታ ነው፣ ማንን ይነካል?» የሚል ሰው ካለ እዚህ ላይ ቆም ይበል።

ጥቁር አሜሪካውያን ዝም አላሉም። በ1909 የተመሠረተውና በእንግሊዝኛ ምኅፃሩ ኤን ኤ ኤ ሲ ፒ የሚባለው የመብት ማኅበር ፊልሙ እንዲታገድ በየከተማው አቤት አለ። በቦስተን ጋዜጠኛው ዊሊያም መንሮ ትሮተር ተከታዮቹን ይዞ ቲያትር ቤቱ ደጃፍ ሄደ፤ ቲኬት ተከልክሎ፣ በተነሣው ግርግር ታሰረ። ኦሃዮና ካንሳስ ፊልሙን አገዱት። ያቺው የኦሃዮ ቦርድ፣ ሙቹዋል የከሰሳት ማለት ነው፣ አሁን ለተበደለው ወገን ቆመች።

እዚህ ላይ እኛም በመካከላችን አልተስማማንም። ከፊላችን «በ1915 ብንኖር አቤቱታው ላይ እንፈርም ነበር፤ ቤቱ እየተቃጠለ ስለ ሐሳብ ነፃነት የሚሰብክ ሰው ጤነኛ አይደለም» ይላል። ከፊላችን ደግሞ «ዛሬ የሳልከው መቀስ ነገ ወደ ማን እንደሚዞር በምን ታውቃለህ?» ይላል። ክርክሩን ባያቆመውም ያከበደው ከአምስት ዓመት በኋላ የተፈጸመ ነገር ነው።

ኦስካር ሚሾ በ1884 የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። አባቱ በባርነት የተወለዱ ናቸው። እሱ ራሱ በደቡብ ዳኮታ መሬት ወስዶ አርሷል፤ መጽሐፍ ጽፎም ከቤት ቤት እየዞረ ሸጧል። በኋላ ልብ ወለዱን ፊልም አደረገው፤ ገንዘቡን የሚለምነው ራሱ፣ የሚጽፈው ራሱ፣ ፊልሙን ተሸክሞ ከከተማ ከተማ የሚዞረውም ራሱ ነበር። በ1920 «በደጆቻችን ውስጥ» የሚል ፊልም ይዞ ቺካጎ ገባ። ብዙዎች ለግሪፊዝ የተሰጠ መልስ አድርገው ያዩታል። ግሪፊዝ ጥቁር ወንድ ነጭ ሴት ሲያሳድድ ያሳያል፤ ሚሾ ነጭ ወንድ ጥቁር ሴት ሊደፍር ሲሞክር ያሳያል። ግሪፊዝ የደቦ ስቅላትን ፍትሕ ያደርገዋል፤ ሚሾ ምንም ያላደረገ ጭሰኛ ከሚስቱ ጋር በገመድ ሲሰቀል ያሳያል።

ታዲያ የቺካጎ የሳንሱር ቦርድ ምን አለ? አይታይም አለ። ምክንያቱም በ1919 በጋ በከተማዋ በተነሣው የዘር ግጭት 38 ሰዎች፣ ከነሱም 23ቱ ጥቁሮች፣ ተገድለው ነበርና ፊልሙ ሕዝቡን ያስነሣል የሚል ነው። ሁለተኛ ጊዜ ታይቶ፣ ብዙ ክርክር ተደርጎበት ነው የተፈቀደው። «ሕዝብን ከሕዝብ ያጋጫል» የሚለው ቃል ለግሪፊዝ ፊልም የተመዘዘ ነበር። አሁን ደግሞ የተገደለው ሰው መገደሉን እንዳይናገር ዋለ። ከዚያም በኋላ ሚሾ በየግዛቱ ቦርድ ፊት እየቀረበ አንዱን ፊልም ለአንዱ ግዛት እንዲህ፣ ለሌላው እንዲያ አድርጎ እየቆረጠ ነው የኖረው።

ትሮተርን የምናከብረው ስለ አቤቱታው ሳይሆን ደጃፍ ላይ ስለመቆሙ ነው። ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው መልኩ ይታያል፣ ስሙ ይታወቃል፣ የሚገባውንም ሰው ዓይን ዓይኑን አይቶ «የምትገባበትን እወቅ» ይለዋል። ውሳኔው ግን የገቢው ነው። ቢሮ ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ማን አይቶት ያውቃል?

ከዚህ ወዲያ ያለው የሆሊውድ ደንብ ታሪክ ብዙ ጊዜ ስለ መሳምና ስለ አልጋ ነው የሚወራው። እኛ እሱን ቶሎ እናልፈዋለን። የፊልም ከበርቴዎቹ የየግዛቱ መቀስ ኪሣራ ሲሆንባቸውና የተዋንያን ቅሌት በጋዜጣ ሲጮህ፣ በ1922 ማኅበር አቋቁመው የቀድሞውን የፖስታ ሚኒስትር ዊል ሄይስን ሾሙ። በ1930 አንድ የኢየሱሳውያን ካህን ዳንኤል ሎርድና አንድ ካቶሊክ የሆነ ጋዜጣ አሳታሚ ማርቲን ኩዊግሊ ያረቀቁት የሥነ ምግባር ደንብ ወጣ። አራት ዓመት ያህል ማንም ከቁም ነገር ሳይቆጥረው ቆየ። በ1934 ግን የካቶሊክ ጳጳሳት የጨዋነት ሌጌዎን የሚባል ንቅናቄ አስነሡ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ምእመን መጥፎ ፊልም አላይም ብሎ ቃል ገባ። የፊላዴልፊያው ካርዲናል ዶኸርቲ ጭራሽ ሲኒማ የሚባል ነገር እንዳታዩ ብለው አዘዙ። የገንዘብ ነገር ነውና ከበርቴዎቹ ደነገጡ። ጆሴፍ ብሪን የሚባል ሰው ቢሮ ተሰጠው፤ የእሱን ማኅተም ያላገኘ ፊልም ያወጣ የማኅበሩ አባል 25,000 ዶላር ይቀጣል ተባለ።

አንድ ነገር ሳንለይ አንለፍ። «እኔ አላይም» የሚል ምእመን መብቱን ነው የተጠቀመበት። እንዲያውም ከዚህ የበለጠ የግል ኃላፊነት የለም፤ አምስት ሳንቲሙን በኪሱ ይዞ ቤቱ ይቀመጣል። ነገሩ የተበላሸው ያ ቃል ኪዳን ተሰብስቦ ብሪን ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ነው። እዚያ ሲደርስ «እኔ አላይም» የነበረው «ጎረቤቴም አያይም» ሆኖ ወጣ። ካቶሊኩም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ምንም የማያምነውም፣ የአርባ ዓመቱ ሰውም የስድስት ዓመቱ ልጅም አንድ ዓይነት ፊልም እንዲያይ ተደረገ። ሁሉም ሰው እንደ ሕፃን ተቆጠረ ማለት ነው።

የደንቡ አንዱ አንቀጽ በነጭና በጥቁር ዘር መካከል የሚደረግን የፍቅር ግንኙነት ማሳየት ይከለክል ነበር። በግልጽ፣ በወረቀት ላይ፣ ከሥነ ምግባር ጉድለቶች ጋር ተደርድሮ! ሌላው አንቀጽ ደግሞ ለኛ የቀረበ ነው። የሌሎች አገሮች ታሪክ፣ ተቋማትና ታላላቅ ሰዎች በሚዛናዊነት ይቅረቡ ይላል። ሲያዩት መልካም ቃል ነው። አሁን ሥራ ላይ ሲውል እንይ።

ሮበርት ሸርውድ በ1936 «የቂል ደስታ» የሚል ቲያትር ጽፎ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። ነገሩ የሚፈጸመው በጣሊያን ድንበር አጠገብ ባለ ሆቴል ውስጥ ነው፤ መኮንኖቹ ጣሊያኖች ናቸው፣ አውሮፕላኖቹም የጣሊያን ናቸው። ቲያትሩ በኒው ዮርክ በታየበት ዓመት ነው የፋሺስት ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው። ኤም ጂ ኤም ኩባንያ ቲያትሩን ፊልም ሊያደርገው ሲነሣ የብሪን ቢሮ የጣሊያንን ቅሬታ አስቀደመ፤ ከጣሊያን ቆንስል ጋርም ምክክር ሆነ። በ1939 ፊልሙ ሲወጣ አገሩ ስም የሌለው አገር ሆኗል። መኮንኖቹ የሚናገሩት ደግሞ ኤስፔራንቶ ነው፤ የማንም አገር ቋንቋ ያልሆነውን፣ በሰው የተፈጠረውን ቋንቋ! በዚያ ጊዜ አርበኞቻችን በየበረሃው ከማን ጋር እንደሚዋጉ ያውቁ ነበር፤ ጣሊያንኛም እንጂ ኤስፔራንቶ የሚናገር ጠላት አልገጠማቸውም። በደንቡ ዓይን «ሌላ አገር» ማለት ቆንስልና የፊልም ገበያ ያለው አገር ነው። ሎስ አንጀለስ ሄዶ የኛን ስሜት የሚነግርልን ሰው አልነበረም።

ልብ በሉ፤ ይህን ሁሉ ያደረገው መንግሥት አይደለም። ሕግ አልወጣም፣ ፖሊስ አልተላከም። ነጋዴ ራሱን ሳንሱር አደረገ። ስለዚህ «ሳንሱር የመንግሥት ሥራ ነው» ብሎ መደምደም ለኛ አያዋጣንም።

በደቡብ ግዛቶች ግን የመንግሥቱም መቀስ ሥራ አልፈታም። በቴነሲ ግዛት በሜምፊስ ከተማ ከ1928 ጀምሮ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የሳንሱር ቦርዱ ሊቀ መንበር ሎይድ ቢንፎርድ የሚባሉ ከኢንሹራንስ ሥራ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። በ1947 «ከርሊ» የሚል የልጆች ቀልድ ፊልም ቀረበላቸውና ከለከሉ። ወንጀሉ ምን ነበር? በፊልሙ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ሕፃናት በአንድ ክፍል ይማራሉ። ደቡብ እንዲህ ያለውን እኩልነት በሕፃናት መካከልም ቢሆን አይቀበልም ብለው ጻፉ። ሆሊውድም ይህን ስለሚያውቅ መላ አበጅቶ ነበር። ዘፋኟ ሌና ሆርን በ1940ዎቹ በብዙ ፊልሞች ላይ ስትዘፍን ትታያለች፤ ግን ከሌሎቹ ተዋንያን ጋር አትነጋገርም፣ በታሪኩ ውስጥ የለችም። ለምን ቢባል፣ ፊልሙ ወደ ደቡብ ሲላክ ዘፈኗ ተቆርጦ እንዲወጣና የታሪኩ ክር እንዳይበጠስ ነው። እዚህ ላይ ዝላይዋ እንኳ አትታይም። መቀሱ ፊልሙ ገና ሲጻፍ ነው የገባው።

የሜምፊስ ተመልካች ታዲያ ምን ኃላፊነት ነበረበት? ብዙ አሰብንበት። ቲኬት ገዝቶ ገባ፣ ሳቀ፣ ወጣ። ሌና ሆርን የምትባል ሴት በፊልሙ ውስጥ እንደነበረች አያውቅም። ያላወቀውን ነገር ሊጠይቅ አይችልም። ሰውን ስለሚያየው ነገር ኃላፊ ልናደርገው ከፈለግን በመጀመሪያ ምን እንደተወሰደበት ልንነግረው ይገባል። ሳንሱር የሚነፍገው ይህንን ነው፤ ፊልሙን ብቻ ሳይሆን መነፈጉን ማወቁን ጭምር።

መፍረሱ የጀመረው በ1951 በአርባ ደቂቃ ፊልም ነው። የጣሊያኑ ሮቤርቶ ሮሴሊኒ «ተአምር» በሚል ርእስ፣ አንዲት የዋህ የገጠር ሴት መንገደኛን ቅዱስ ዮሴፍ መስሏት የሚደርስባትን መከራ ያሳያል። የኒው ዮርክ ካርዲናል ስፔልማን አወገዙት፤ ግዛቱም «ቅድስናን ይዳፈራል» ብሎ የሰጠውን ፈቃድ ነጠቀ። አከፋፋዩ ጆሴፍ በርስቲን ከፖላንድ የመጣ፣ ትንሽ ኩባንያ ያለው ሰው ነበር። ትልልቆቹ ከበርቴዎች ራሳቸውን ሲጠብቁ እሱ ብቻውን ተከራከረ። በሜይ 1952 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1915ቱን ፍርድ ሽሮ፣ ፊልም ሐሳብ መግለጫ ነው፤ መንግሥትም ለየትኛውም ሃይማኖት ተቆርቋሪ ሆኖ ፊልም ሊያግድ አይችልም አለ። በሳምንቱ ደግሞ የቴክሳሱን ጉዳይ ወሰነ። ማርሻል በሚባል ከተማ አንድ የሲኒማ ቤት ኃላፊ «ፒንኪ» የሚለውን፣ ነጭ መስላ ስለምትኖር ጥቁር ነርስ የሚናገረውን ፊልም ያለ ፈቃድ በማሳየቱ 200 ዶላር ተቀጥቶ ነበር። ቅጣቱ ተነሣለት። ከዚያ በኋላ የየግዛቱ ቦርዶች አንድ በአንድ ተዘጉ፤ የመጨረሻው የሜሪላንድ ነው፣ እስከ 1981 ቆየ።

ፊደሉ በዚህ መካከል መጣ። ፊደል የአሜሪካ ፈጠራ አይደለም። በብሪታንያ የፊልም ሳንሱር ቦርድ ከ1913 ጀምሮ ለሁሉም የሚሆነውን «ዩ»፣ ለአዋቂ የሚሻለውን «ኤ» እያለ ይመድብ ነበር። (ይህ ቦርድ በ1984 «ሳንሱር» የሚለውን ቃል ከስሙ አውጥቶ «ምደባ» በሚል ተካው። የምኅፃሩ ፊደላት ግን እንዳሉ ቀሩ። የወረቀት ወጪ ሳይቆጥብ አልቀረም!) በአሜሪካ የፊልም ከበርቴዎች ማኅበር አዲስ አለቃ ጃክ ቫለንቲ፣ የፕሬዚዳንት ጆንሰን የቀድሞ ረዳት፣ በ1966 ሲሾም የብሪን ደንብ በቁሙ ሞቷል። በኤፕሪል 1968 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ቀን ሁለት ፍርድ ሰጠ። በአንደኛው፣ ለአዋቂ የተፈቀደን ነገር ለልጅ መሸጥ ሊከለከል ይችላል አለ። በሁለተኛው፣ የዳላስ ከተማ ፊልም የምትመድብበት ደንብ ግልጽነት ስለሌለው ሻረው። ቫለንቲ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባው፤ እያንዳንዱ ከተማ የተሻለ ደንብ ጽፎ ከመምጣቱ በፊት ከበርቴዎቹ ቀደሙ። ኖቬምበር 1 ቀን 1968 አራት ፊደል ወጣ፤ ለሁሉም «ጂ»፣ ወላጅ ያስብበት «ኤም»፣ ያለ አዋቂ አይገባም «አር»፣ ልጅ ከነጭራሹ አይገባም «ኤክስ»።

እኛ ፊደሉን ከመቀሱ እናስበልጠዋለን፤ ይህን ሳንደብቅ እንናገራለን። ፊደል ግንባር ላይ ይለጠፋል፣ ሰው ያነበዋል፣ ይስማማል ወይም ይስቃል። አባት ልጁን ይዞ መምጣት ወይም መተው የራሱ ጉዳይ ነው። የአርባ ዓመቱን ሰው ከስድስት ዓመቱ ልጅ ለየው። በ1969 የወጣው «ሚድናይት ካውቦይ» «ኤክስ» ተለጥፎበት የዓመቱን ምርጥ ፊልም ኦስካር ወሰደ፤ በብሪን ዘመን የማይታሰብ ነው።

ግን ፊደሉን ማን ይጽፈዋል? መዳቢዎቹ ወላጆች ናቸው ተባለ እንጂ ስማቸው ለሕዝብ አልተነገረም። በ2006 ኬርቢ ዲክ የተባለ ፊልም ሠሪ የግል መርማሪ ቀጥሮ ስማቸውን አንድ በአንድ አውጥቶ ፊልም ሠራበት። ያንኑ ፊልም ለነሱው ቢያቀርበው «ኤንሲ 17» ሰጡት፤ በ1990 በ«ኤክስ» ምትክ የወጣው ከባዱ ፊደል ነው። ይህን ፊደል ያገኘ ፊልም ብዙ ሲኒማ ቤት አያሳየውም፣ ብዙ ጋዜጣም አያስተዋውቀውም ነበር። ስለዚህ አምራቹ ከፊደሉ ለማምለጥ ፊልሙን ራሱ ይቆርጣል። ስታንሊ ኩብሪክ በ1999 ከሞተ በኋላ «አይስ ዋይድ ሸት» የሚለው የመጨረሻ ፊልሙ ሲወጣ፣ ለአሜሪካ ተመልካች በኮምፒዩተር የተሠሩ ሰዎች በምስሉ ፊት እንዲቆሙ ተደረገ፤ «አር» እንዲያገኝ። አውሮፓ ያለ መጋረጃ አየው። መቀሱ ተቀምጧል ብለን ነበር፤ የተቀመጠው አምራቹ ቤት ኖሯል።

ሌላም ጉድ አለ። ፊደል ማስጠንቀቂያ ብቻ ሳይሆን ማስታወቂያም ይሆናል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በሴፕቴምበር 2000 ባወጣው ዘገባ፣ በዓመፃቸው ምክንያት «አር» ከተሰጣቸው ፊልሞች 44ቱን መርምሮ 35ቱ ከ17 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ታስቦ ማስታወቂያ እንደተሠራላቸው አገኘ። ወላጁን «ኃላፊነቱ ያንተ ነው» ብለው ፊደል ሰጡት፤ በጓሮ በር ደግሞ ልጁን ጠሩት። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባል የለ? በ1984 በ«ፒጂ» እና በ«አር» መካከል «ፒጂ 13» የሚል ሲጨመርም፣ በዚያ ክረምት ወላጆች በሁለት ፊልሞች አስፈሪነት ስለተቆጡ ነው ተባለ፤ እውነት ነው፣ ግን ገበያውም አልተጎዳም።

ቴሌቪዥን ሲመጣ ኃላፊነቱ ከሰው ወደ ዕቃ ተላለፈ። በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት ከ2000 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጥ ከ13 ኢንች ያላነሰ ቴሌቪዥን ሁሉ ቪ ቺፕ የሚባል ፊደል አንባቢ ብልቃጥ እንዲኖረው ተደረገ። ወላጁ ቁጥር ይሞላል፣ ዕቃው ይዘጋል። ያሳደግነው ልጅ ከኛ ይልቅ ዕቃውን ቶሎ እንደሚለምድ ሕግ አውጪዎቹ ያሰቡት አይመስለንም። አሁን ደግሞ ፊልም በየኪሱ ገብቷል፤ ከአባት፣ ከእናትና ከመምህር በቀር በር ላይ የሚቆም የለም። እነሱም በር ላይ መቆም ይኖርባቸው እንደሆነ እንጂ ከልጁ ጋር ቁጭ ብለው ማየት ይችሉ እንደሆነ ሲጠየቁ አልሰማንም።

ወደኛ ስንመለስ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 የቅድሚያ ምርመራን በማናቸውም መልኩ ይከለክላል። እዚያው አንቀጽ ውስጥ፣ የወጣቶችን ደኅንነትና የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ሕጋዊ ገደብ ሊደነገግ እንደሚችል ተጽፏል። ሁለቱም ቃል ትክክል ነው እንላለን። በሁለቱ መካከል ግን አንድ ጠረጴዛ አለ፤ ከዚህ ግቢ ከሚመረቁት ውስጥ አንዱ አንድ ቀን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ፊልም፣ ቲያትር ወይም መጽሐፍ ሲቀርብለት ቢንፎርድ ያላደረጉትን ሳይሆን ያደረጉትን አንድ ነገር እንዲያስታውስ እንጠይቀዋለን፤ ሽማግሌው ቢያንስ ምክንያታቸውን ጽፈው ፈርመውበታል። እኛ ዛሬ ልንወቅሳቸው የቻልነውም ስለፈረሙ ነው።

ኦስካር ሚሾ በ1951 ሞተ። «በደጆቻችን ውስጥ» ጠፍቶ ነበር። በ1970ዎቹ አንድ ቅጂ በስፔን ተገኘ፤ «ላ ኔግራ» የሚል ስም ተሰጥቶት፣ በምስሎቹ መካከል የሚገቡት ጽሑፎች ከጥቂቶቹ በቀር ወደ ስፓኝኛ ተተርጉመው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ1993 አድሶ አወጣው። ጽሑፎቹ ከስፓኝኛ ወደ እንግሊዝኛ ተመለሱ። በመካከሉ ግን የጠፋ ክፍል አለ፤ እዚያ ቦታ ላይ ምስሉ ቀርቶ ምን እንደነበረበት የሚናገር ጽሑፍ ብቻ ይነበባል።